ጉበት ውስጥ ወንዝ መጥለፍ

የሕክምና ጥበብ የተዘጋውን መክፈት ነው የሚለው አስተሳሰብ በብዙዎቻችን ዘንድ የጸና ነው። የልብ የደም ሥር ሲጠብ ይሰፋል፤ የሐሞት መውረጃ ሲታገት ቱቦ ይገባለታል፤ ሽንት እምቢ ሲል መንገድ ይፈለግለታል። ስለዚህ አንድ ሐኪም ጤነኛ የሆነውን፣ ደም ያለ እንከን የሚያስተላልፈውን፣ ምንም በደል የሌለበትን የደም ሥር ሆን ብሎ ለዘለቄታው እንደሚዘጋ ሲናገር የሰማ ሰው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። በጉበት ካንሰር ሕክምና ውስጥ ግን ይህ የታወቀና በምክንያት የሚደረግ ሥራ ነው። ሐኪሙ የደሙን ጉዞ ከአንዱ መንገድ አውጥቶ ወደ ሌላው ያዞረዋል፤ ዓላማውም ጨረር ያዘሉ ጥቃቅን እንክብሎች ዕጢው ዘንድ እንዲደርሱ፣ መድረስ የማይገባቸው ቦታ ደግሞ እንዳይደርሱ ነው።

ጉዳዩን እንዳጠና ያስገደደኝ የእናቴ ታናሽ ወንድም ሕመም ነው። ጋሼ እንላቸዋለን። ዕድሜያቸው ስልሳዎቹን ሊያገባድድ የተቃረበ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ተወልደው ያደጉ፣ ዛሬ ሬድመንድ ከልጃቸው ቤት የሚኖሩ ሰው ናቸው። ለሌላ ነገር በተደረገ የደም ምርመራ ሄፓታይተስ ቢ ተገኘባቸው፤ ቀጥሎ የተነሣው ምስል ጉበታቸው መጠንከሩን፣ በግራ ክንፉም ላይ ስድስት ሳንቲ ሜትር የሚሆን ዕጢ መብቀሉን አሳየ። ቀዶ ሕክምና ጉበቱ አይችለውም ተባለ። የቀረበው አማራጭ ሬዲዮኢምቦላይዜሽን የሚባለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ወራት የሆነውን ለመተረክ አይደለም የተነሣሁት፤ ጋሼ በምክክሩ ቀን ሐኪሙን የጠየቋቸው ሦስት ጥያቄዎች የሕክምናውን ምሥጢር ከብዙ ጽሑፍ በተሻለ ስለከፈቱልኝ እነሱን ተከትዬ ልሂድ እንጂ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ወንዝ የሚጠጣ አካል

ጉበት ከሌሎች የሰውነታችን ክፍሎች የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው፤ ደም የሚያገኘው ከሁለት ምንጭ ነው። ከጠቅላላው ደም ሦስት አራተኛ የሚሆነው የሚመጣው ፖርታል በሚባለው ትልቅ የደም ሥር በኩል ነው፤ ይህ ደም ከጨጓራ፣ ከአንጀትና ከጣፊያ ተሰብስቦ፣ የተበላውን ምግብ ፍሬ ተሸክሞ የሚመጣ ነው። የቀረው አንድ አራተኛ ደግሞ ከልብ በቀጥታ የሚነሣ፣ ኦክስጅን የሞላበት የደም ቅዳ ደም ነው። ጤነኛው የጉበት ሥጋ በአመዛኙ የሚተዳደረው በመጀመሪያው ነው። ዕጢ ግን የሚጠጣው ከሁለተኛው፣ ከደም ቅዳው ነው። ይህ ልዩነት በ1954 በታተመ ጥናት በግልጽ ታይቷል፤ ዛሬ በካቴተር የሚሰጡት የጉበት ካንሰር ሕክምናዎች ሁሉ የቆሙት በዚህ መሠረት ላይ ነው። ጠላትና ወዳጅ በአንድ ቤት ቢኖሩም ከአንድ ምንጭ የማይጠጡ ከሆነ የጠላትን ምንጭ ብቻ መመረዝ ይቻላል።

መርዙ ይትሪየም 90 ነው። ከሰው ጸጉር ውፍረት ያነሱ፣ ከብርጭቆ ወይም ከሬዚን የተሠሩ በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንክብሎች ይህን ንጥረ ነገር ተሸክመው በቀጭን ቱቦ ወደ ጉበት ደም ቅዳ ይለቀቃሉ። ቱቦው የሚገባው ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ ነው። እንክብሎቹ ደሙ ወደ ወሰዳቸው ይሄዳሉ፤ በዕጢው ውስጥ ያሉት ሥሮች እየቀጠኑ ሲሄዱ እዚያው ይቀረቀራሉ። የሚረጩት ቤታ ጨረር በሥጋ ውስጥ በአማካይ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ቢበዛም 11 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይጓዛል። ኃይሉ በየ64 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳልና በ11 ቀን ውስጥ ከጨረሩ 94 በመቶ የሚሆነው ተሰጥቶ ያበቃል። ከውጭ በሚሰጥ ጨረር ጤነኛው ጉበት ሊሸከመው የማይችለው መጠን በዚህ መንገድ ለዕጢው ሊደርሰው ይችላል።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ እንበል። እንክብሉ አያስብም፤ ካንሰሩን ከጤነኛው የሚለይበት ዓይን የለውም። የሚያውቀው አንድ ነገር ቢኖር የደሙን ፍሰት መከተል ነው። ደሙ ወደ ጨጓራ ከሄደ ጨጓራ ላይ ይወድቅና በቀላሉ የማይድን ቁስል ይፈጥራል፤ በዕጢው ውስጥ ባለ አቋራጭ ወደ ሳንባ ካመለጠም ሳንባን ያቃጥላል። ስለዚህ ነው ከዋናው ሕክምና በፊት የካርታ ሥራ የሚባል ሌላ ቀን የሚያስፈልገው። በዚያ ቀን ሐኪሙ የእያንዳንዱን ቅርንጫፍ መነሻና መድረሻ በቀለም እያየ ይመዘግባል፤ ከዚያም በቴክኒሺየም የታጀበ፣ መጠኑ ከእንክብሎቹ ጋር የሚቀራረብ የአልቡሚን ቅንጣት በሙከራ ለቆ የት እንደ ወደቀ በካሜራ ይከታተላል። ወደ ሳንባ ያመለጠው ተሰልቶ በአንድ ሕክምና ሳንባ የሚደርሰው ጨረር ከ30 ግሬይ እንዳያልፍ ይደረጋል።

ካርታውን የሚያስቸግረው ሁለት ሰው አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ፊላደልፊያ በሚገኘው ጄፈርሰን የሕክምና ኮሌጅ ያስተምር የነበረው የአናቶሚ ሊቅ ኒኮላስ ሚሼልስ 200 አስከሬኖችን መርምሮ በ1966 ባሳተመው ሥራ፣ በመማሪያ መጽሐፍ «ትክክለኛው» ተብሎ የሚሣለው የጉበት ደም ቅዳ አወቃቀር የተገኘው በ55 በመቶው ላይ ብቻ እንደ ነበር አሳይቷል። የቀሩት ወይ ተጨማሪ ቅርንጫፍ አላቸው፣ ወይም አንዱ ክንፍ ደሙን የሚያገኘው ጨርሶ ከሌላ ግንድ ነው። የጋሼ ጉበት ከእነዚህ አንዱ ሆነ። የግራው ክንፍ የውጨኛው ክፍል ደሙን የሚያገኘው ወደ ጨጓራ ከሚሄደው ሥር ተገንጥሎ በሚመጣ ቀጭን ቅርንጫፍ ነበር፤ የውስጠኛው ክፍል ደግሞ ከዋናው የጉበት ደም ቅዳ ይጠጣል። ዕጢው የተቀመጠው ልክ በሁለቱ ወሰን ላይ ነው። አንድ ማሳ ላይ ከሁለት ወንዝ የተጠለፈ ውኃ ይገናኛል እንደ ማለት ነው።

«ሥር» የሚለው ቃል ያመጣው ጣጣ

ሐኪሙ ሁለት መንገድ እንዳለ አስረዱ። አንደኛው በሁለቱም ሥሮች እየገቡ መድኃኒቱን ከፋፍሎ መስጠት ነው፤ ይህ ስሌቱን ያወሳስባል፣ ቀጭኑ ቅርንጫፍም ከጨጓራው ሥር የሚነሣ በመሆኑ እንክብሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ጨጓራ ላይ የመውደቅ አደጋ አለው። ሁለተኛው ቀጭኑን ሥር መነሻው አካባቢ በጥቃቅን የፕላቲነም ጥምዝ ሽቦዎች ደፍኖ፣ ያ ክፍል ደሙን ከዋናው መንገድ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ በር ብቻ ይቀራል፤ በዚያ በር የሚገባው ሁሉ ዕጢውን በሙሉ ያዳርሳል።

በስልክ መስመር ላይ የነበረችው አስተርጓሚ ይህን «የደም ሥሩን በሽቦ እንዘጋዋለን፤ ደሙ ሌላ መንገድ ይፈልጋል» ብላ አቀረበችው። ትርጉሙ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን በአማርኛ «የደም ሥሩ ተዘጋ» የሚለው አባባል የሚሰማው በልቅሶ ቤት ነው፤ አንድ ሰው በድንገት የወደቀበትን ምክንያት ለመናገር። በዚያ ላይ «ሥር» የሚለው ቃላችን ደም የሚሄድበትን ቧንቧ ብቻ ሳይሆን ዛፍ የቆመበትንም ነገር ይጠራል። ሥሩ የተቆረጠ ዛፍ ይደርቃል እንጂ ሌላ መንገድ አይፈልግም። የመማሪያ መጻሕፍቶቻችን «ደም ቅዳ» እና «ደም መልስ» የሚሉ ሁለት መልካም ቃላት አሏቸው፤ አንዱ እንደ ውኃ የሚቀዳ፣ ሌላው የሚመልስ። በዕለት ንግግር ግን ሁሉም «የደም ሥር» ነው፤ ጋሼም የሰሙት ሥራቸው ሊቆረጥ መሆኑን ነው። ዝም አሉ።

በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ የማቅረብ ሕጋዊ ግዴታ አለበት፤ የቤተሰብ አባል በአስተርጓሚ ቦታ እንዳይቀመጥ የሚመከርበትም ምክንያት አለ። እኛ ለታማሚ ክፉ ወሬ በቀጥታ አይነገርም ብለን ያደግን ሰዎች ነን፤ ካንሰርን «ትንሽ ዕብጠት»፣ አደጋን «ቀላል ነገር» አድርገን ማቅረብ እንደ ርኅራኄ ይቆጠርልናል። ስለዚህ የትርጉሙን ሥራ ለባለሙያዋ ትቼ፣ ሐኪሙን ፈቃድ ጠይቄ አንድ ነገር ብቻ አልኩ፦ «ጋሼ፣ ጠለፋ ነው የሚሉት።»

በአማራ ገጠር ወንዝ ወደ ማሳ ሲመለስ «ተጠለፈ» ይባላል። ፎገራ ላይ ርብና ጉማራ እየተጠለፉ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚለማበት አገር ነው። ተራ የሚያወጣ፣ ማን በስንት ሰዓት ውኃ እንደሚያገኝ የሚዳኝ «የውኃ አባት» የሚባል ሰው በብዙ ቦታ አለ፤ የአንዱ ቦይ አፍ በጭቃና በሣር ሲደፈን ውኃው ወደ ሌላው ይዞራል። ጋሼ ይህን በልጅነታቸው በእጃቸው ሠርተውታል። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ፤ የተለወጠው ግን ወደ መጽናናት አልነበረም፣ ወደ ጥርጣሬ ነበር። ውኃ ጠልፎ የሚያውቅ ሰው ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃልና ሦስት ነገር ጠየቁ።

«ከዚያ ቦይ የሚጠጣው ማሳ ምን ይሆናል?»

የመጀመሪያው ጥያቄ የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ ቦይ ሲደፈን ውኃ የሚጠማው አለ። የሐኪሙ መልስ በሁለት ነገር ላይ የቆመ ነበር።

አንደኛው አስቀድሜ ያነሣሁት ነው። ጤነኛው ጉበት ዋናውን ደም የሚያገኘው በፖርታል በኩል ስለሆነ የደም ቅዳው ቅርንጫፍ ቢደፈን አይሞትም። ይህ መልስ ግን የራሱ ቅድመ ሁኔታ አለው። ፖርታሉ በደም መርጋት ወይም በዕጢ ወረራ የተደፈነ ሰው ይህን መተማመኛ በሙሉ አያገኝም። የሐሞት ቱቦዎችም ደማቸውን የሚያገኙት ከደም ቅዳው ብቻ ነው። ጉበት በተቀየረለት ሰው ላይ ደም ቅዳው ሲደፈን በመጀመሪያ የሚበሰብሱት እነሱ የሚሆኑት ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ድልድዮቹ ናቸው። በጉበት ክፍሎች መካከል፣ በተለይም በጉበቱ ደጃፍ አካባቢ፣ ደም ቅዳዎቹን እርስ በርስ የሚያያይዙ ጥቃቅን መተላለፊያዎች አሉ። በሰላሙ ጊዜ በሁለቱም ወገን ያለው ግፊት እኩል ስለሆነ ደም አያልፍባቸውም፤ ቢያልፍም ኢምንት ነው። አንዱ ወገን ሲደፈን ግፊቱ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ደም ከሞላው ወደ ጎደለው በእነዚያ መተላለፊያዎች መፍሰስ ይጀምራል። አንዳንዴ ይህ የሚሆነው ሐኪሙ ገና ከጠረጴዛው ሳይነሣ ነው፤ አንዳንዴ ቀናትንና ሳምንታትን ይጠይቃል። ለዚህም ሲባል ሥሩ የሚደፈነው መነሻው ላይ በሽቦ መሆን አለበት። ጥቃቅን ቅንጣት ተረጭቶ ቢደፈን ኖሮ ቅንጣቱ እስከ ጫፍ ወርዶ ድልድዮቹንም ይደፍን ነበር። ቦዩን አፉ ላይ መድፈንና ማሳውን በድንጋይ መሙላት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ የተሰጠው መልስ «ማሳው አይጠማም፤ ከጎረቤቱ ይጠጣል» የሚል ነበር። ከጎረቤቱ ጋር አብሮ የሚጠጣውም ዕጢው ነው፤ የሥራው ዓላማም ይኸው ነው።

«ውኃው መድረሱን በምን እናውቃለን?»

ሁለተኛው የማስረጃ ጥያቄ ነው። ገበሬ ቦይ ደፍኖ ቤቱ አይገባም፤ ወርዶ የማሳውን ጫፍ በእግሩ ይረግጣል። በሆስፒታሉም የሚደረገው ተመሳሳይ ነው። ቀጭኑ ሥር ከተደፈነ በኋላ በዋናው በኩል ቀለም ይለቀቅና ጠረጴዛው ላይ እንዳሉ በሚነሣ ሲቲ ምስል ቀለሙ የተደፈነውን ክፍል ጭምር ማዳረሱ ይታያል። የሙከራው የአልቡሚን ቅንጣትም ይህንኑ በሌላ ዓይን ይመሰክራል። ጋሼ ላይ ሁለቱም ተደርገዋል፤ ሁለቱም መድረሱን አሳይተዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዋናው ሕክምና ተሰጣቸው።

ምስክር ግን የሚመሰክረው ያየውን ነው። ከሦስት ወር በኋላ የተነሣው ኤምአርአይ የዕጢው አብዛኛው ክፍል መሞቱን ሲያሳይ፣ ከድያፍራም ሥር ባለው ጫፍ ላይ ቀጭን ጠርዝ በሕይወት መቅረቱንም አሳየ። ያ ጠርዝ የሚጠጣው ከጉበት ደም ቅዳዎች ከአንዳቸውም አልነበረም፤ ድያፍራምን ከሚመግበው ሥር በሌብነት ቅርንጫፍ አውጥቶ ነበር። ዕጢ እንዲህ ያደርጋል፤ በጉበት ቆዳ ላይ ሲጠጋ ከጎረቤት አካል ይቀዳል። ሐኪሞቹ በዚያው ሥር ገብተው ጠርዙን በሌላ ሕክምና መቱት። እስከ አሁን ጸጥ ብሏል።

ይህን የማነሣው ሕክምናው አልሠራም ለማለት አይደለም። በዚህ ዘርፍ ሐሳብ መሥራቱና ለታማሚው ዕድሜ መጨመሩ አንድ እንዳልሆኑ ማየት ስለሚገባ ነው። በ2017 የታተመው ሳራ የተባለው የፈረንሳይ ጥናት በተስፋፋ የጉበት ካንሰር ላይ ሬዲዮኢምቦላይዜሽንን ሶራፌኒብ ከተባለው እንክብል ጋር አወዳድሮ በዕድሜ ብልጫ አላገኘበትም፤ የመካከለኛው ዕድሜ 8 ወር ከ9.9 ወር ነበር። ብዙዎች ነገሩ አበቃለት አሉ። በ2021 የወጣው ዶዚስፌር የተባለው አነስተኛ ጥናት ግን ጥያቄውን ቀየረው። መጠኑን ለሁሉም በአንድ ቀመር ከመስጠት ይልቅ ዕጢው ራሱ ቢያንስ 205 ግሬይ እንዲደርሰው ለእያንዳንዱ ታማሚ ሲሰላ የመካከለኛው ዕድሜ ከ10.7 ወደ 26.6 ወር ከፍ አለ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የብርጭቆውን እንክብል ለጉበት ካንሰር በሙሉ ፈቃድ አጸደቀ፤ መሠረት የሆነው ጥናት 162 ሰዎችን የያዘ፣ አንድ ዕጢ ያላቸውንና ስፋቱ ከ8 ሳንቲ ሜትር የማይበልጠውን የመረጠ ነበር።

ከእነዚህ ጥናቶች የምወስደው ትምህርት ከጋሼ ሁለተኛ ጥያቄ ጋር አንድ ነው። ውኃው መለቀቁ ሳይሆን የእያንዳንዱ ማሳ ጫፍ ስንት እንደ ጠጣ መለካቱ ነው ውጤቱን የሚወስነው።

«በኋላ ብንፈልገውስ፣ ይከፈታል?»

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም የከበደ ነው፤ መልሱም አጭር ነበር፦ አይከፈትም። ሽቦው በዙሪያው ደም ያረጋል፤ ሥሩ ለዘለቄታው ይጠፋል። ነገ ዕጢው ቢመለስና በዚያ መንገድ መግባት ቢያስፈልግ መንገዱ የለም።

እዚህ ላይ ከሰው አካል ወጥቼ ሬድመንድን ከሲያትል ወደሚለየው ሐይቅ መሄድ ግድ ይለኛል፤ በዚህ አገር ያለን ሰዎች በየቀኑ የምንሻገረው ሐይቅ ራሱ የጠለፋ ውጤት ነውና። ሌክ ዋሽንግተን በጥንቱ ጊዜ የሚፈሰው በደቡብ ጫፉ፣ ብላክ ሪቨር በሚባል ወንዝ ነበር። በ1916 መሐንዲሶች በሞንትሌክ በኩል አዲስ ቦይ ቆርጠው ሐይቁን ወደ ባሕር አዞሩት። ሐይቁ 2.7 ሜትር ያህል ዝቅ አለ፤ ብላክ ሪቨር ደረቀ፤ ከወንዙ ዳር ይኖሩ የነበሩት የዱዋሚሽ ሕዝቦች ሳልሞን የሚያጠምዱበትን ውኃ አጡ። ለመርከቦች የታሰበው መንገድ ተሳክቷል። ሬድመንድን የሚያቋርጠው የሳማሚሽ ወንዝም ከሐይቁ መውረድ ጋር ተለወጠ፤ ዳርቻው ያለው ረግረግ ጠፋ፤ በኋላም ወንዙ ተቆፍሮ ቀጥ እንዲል ተደረገ። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ዛሬ የቆመው በዚያው በሞንትሌክ ቦይ ዳር ነው።

ፍሰት ማዞር ያሰቡትን ሊፈጽም ይችላል፤ ያላሰቡትንም ጨምሮ ይፈጽማል። የጉበት ሐኪሞችም ይህን በልምድ ተምረዋል። በዚህ ሕክምና የመጀመሪያ ዓመታት ወደ ጨጓራና ወደ አንጀት መግቢያ የሚሄዱትን ሥሮች ለጥንቃቄ ብሎ ደፍኖ መጀመር የተለመደ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ትልቁ ሲደፈን ቀድሞ የማይታዩ ጥቃቅን ሥሮች እየሰፉ፣ ጉበትን ከጨጓራ ጋር በአዲስ መንገድ ሲያገናኙ ታየ። የአንድ በር መደፈን ሦስት ቀዳዳ ከፈተ። ዛሬ ካቴተሮቹ ቀጥነው ዕጢው አጠገብ ድረስ መግባት ስለሚቻል ብዙዎቹ ሐኪሞች ካላስገደዳቸው በቀር አይደፍኑም። የሚቀለበስ መንገድም ይፈለጋል፤ ለጊዜው የሚነፋና የሚከረከም ፊኛ ሥሩን ለደቂቃዎች ዘግቶ ፍሰቱን ካዞረ በኋላ ይወጣል። ከሆድ ቆዳ ጋር የሚያገናኝ ሥር ያላቸው ታማሚዎች ሆዳቸው ላይ በረዶ ይደረግላቸዋል፤ ቅዝቃዜው ሥሩን ያኮማትረዋልና እንክብሉ ወደ ቆዳው አይሄድም። ከሚሊዮን የጨረር እንክብል የሚጠብቅ ከረጢት በረዶ መሆኑ ያስገርማል፤ ነገር ግን ሥራው ሲያልቅ በረዶው ይነሣል፣ ሥሩም ይመለሳል።

ጋሼ ይህን ሁሉ ሰምተው ለመወሰን ሦስት ቀን ጠየቁ። በመጨረሻ ያሉት ይህ ነው፦ «ቀጭኑ ቦይ ቢቀር ዋናው አለ። ዋናውን ልድፈን ቢሉኝ ኖሮ እምቢ እል ነበር።» ይህን ከሕክምና ሚዛን ጋር አስተያይቼ የምጨምርበት አላገኘሁም። ሐኪሞቹ የሚመርጡትም ትንሹን፣ ጥቂት ሥጋ የሚመግበውን፣ ደግመው ለመግባት የሚያስቸግረውን ሥር ነው። ፈቃድ ማለት በወረቀት ላይ መፈረም ብቻ ካልሆነ፣ ታማሚው ምን እንደሚያጣና በምን እንደሚለውጠው በራሱ ቋንቋ መመዘን መቻሉ ነው።

ከሕክምናው ቀጥሎ የመጣው ችግር ደግሞ ሌላ ነበር። ለጥቂት ቀናት ከነፍሰ ጡርና ከሕፃናት ራቅ እንዲሉ ተነግሯቸዋል። ጠያቂ ሳይጠራ በሚመጣበት፣ ሕፃን በአያቱ ጭን በሚያድርበት ቤት ይህን ማስከበር ከባድ ነው። ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ ምግቡን እየተቀበለች፣ ሰዉን ከሳሎን እያሰናበተች ሳምንቱን አሳለፈችው። ቅር ያለው አልጠፋም።

ከቦዩ በላይ ያለው ምንጭ

ስለ ጋሼ ጉበት ስጽፍ ወደ ኋላ የሚጎትተኝ አንድ ሐሳብ አለ። ይህ ሁሉ ረቂቅ ሥራ፣ ፕላቲነሙ፣ ይትሪየሙ፣ በ64 ሰዓት እየከሰመ በአውሮፕላን የሚላከው ጠርሙስ፣ ውኃው ማሳ ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ነው። ምንጩ በላይ ነው።

ያንን ምንጭ ካሳዩት ሰዎች አንዱ የሲያትል ሰው መሆኑ ለእኛ ይጠቅመናል። ፓልመር ቢስሊ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ስም ታይዋን ውስጥ ሲሠራ 22,707 ወንድ የመንግሥት ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታተለ። በ1981 ባወጣው ውጤት በጉበት ካንሰር ከሞቱት 41 ሰዎች 40ው የሄፓታይተስ ቢ ተሸካሚዎች ሆነው ተገኙ፤ ተሸካሚ የሆነ ሰው ካልሆነው ጋር ሲነጻጸር አደጋው ከ200 እጥፍ በላይ ነበር። ቫይረሱ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ እንደሚተላለፍና በዚያ ዕድሜ የተያዘ ሕፃን በአብዛኛው ዕድሜ ልኩን ተሸካሚ እንደሚሆንም የታወቀው ከዚሁ ዘመን ምርምር ነው። ታይዋን በ1984 ለአራስ ሕፃናት ክትባት መስጠት ጀመረች፤ በሕፃናት ላይ የሚታየው የጉበት ካንሰር ቀነሰ። ካንሰርን በክትባት መከላከል እንደሚቻል በሰው ላይ የታየበት ምስክር ነው።

እኛ ግን ይህን በሽታ ለረጅም ጊዜ ያወቅነው «የወፍ በሽታ» በሚል ስም ነው። ዓይን ቢጫ ሲሆን የሌሊት ወፍ አልፋበት ነው ይባላል፤ ቅጠል ተወቅጦ ይጠጣል፤ ቢጫው ሲለቅ ሰውየው ድኗል ተብሎ ይተዋል። ስሙ በራሱ ጉዳት አድርሷል። ቢጫነትን በሽታው ራሱ ያደርገዋልና፣ ቢጫ ሳይሆኑ ሠላሳና አርባ ዓመት ቫይረሱን ተሸክመው የሚኖሩትን ብዙኃኑን ከዓይን ይሰውራል። በኢትዮጵያ ከመቶ ሰው ሰባት ያህሉ ተሸካሚ እንደሆነ የጥናቶች ድምር ያሳያል። አገሪቱ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን ከ2007 ጀምሮ ከሕፃናት ክትባት ጋር አዋህዳለች፤ ከዚያ በፊት የተወለድነው ግን ያለ እሱ ያደግን ነን። በ2015 አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው የሕክምና ፕሮግራም ከሺህ በላይ ታማሚዎችን ይዞ፣ በቀን አንድ እንክብል ቫይረሱን ማስተኛት በእኛ አገር ሁኔታም እንደሚቻል አሳይቷል። የጨረር እንክብል ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ የማይደረስበት ነው፤ ይህኛው እንክብል ግን ርካሽ ነው።

የአሜሪካ የበሽታ መከላከል ማዕከል በ2023 ባወጣው ምክር እያንዳንዱ አዋቂ በሕይወቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ለሄፓታይተስ ቢ እንዲመረመር ጠይቋል፤ ቫይረሱ በተስፋፋባቸው አገሮች የተወለዱ ሰዎች እንዲመረመሩ ደግሞ ከዚያ በፊትም ይመከር ነበር። ይህ እኛን ነው። ጋሼ ወደዚህ አገር ከመጡ በኋላ ባሉት ዓመታት ደማቸው ለስኳርና ለኮሌስትሮል ብዙ ጊዜ ተቀድቷል፤ ይህ ምርመራ የተጨመረበት ግን ዕጢው ከበቀለ በኋላ ነው። ያ ውጤት ከመጣ በኋላ ልጃቸውና ሁለቱ የልጅ ልጆቻቸው ተመረመሩ። ልጃቸው ተሸካሚ ሆና ተገኘች፤ ጉበቷ ጤነኛ ነው፤ በየስድስት ወሩ በአልትራሳውንድ ትታያለች። ልጆቹ በተወለዱበት ቀን ተከትበው ስለነበር ነጻ ናቸው።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ፣ በእኛ አገር የተወለደና ውጤቱን በእርግጠኝነት የማያውቅ ሰው ካለ፣ በሚቀጥለው የሐኪም ቀጠሮው ምርመራውን በስሙ ጠርቶ ይጠይቅ፤ «ጉበቴን እዩልኝ» ማለት አይበቃም፤ መደበኛው የጉበት ምርመራ ቫይረሱን አይፈልግምና። ውጤቱ ተሸካሚ መሆኑን ካሳየ ክትትል አለው፤ ካልተያዘና ካልተከተበ ክትባት አለው። ሁለቱም የሚሠሩት ከጠለፋው በፊት ነው።